የማሰሮው እፍኝ

እናቴ ጥሊሊ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዱቄት ቢያልቅባት ጦሟን ታድራለች እንጂ ደውላ አትነግረኝም። እኔ ቆሰበር ከተማ ሞባይል እጠግናለሁና ከተበላሸ ሚዛን አንድ መሣሪያ ሠራሁላት። ከዱቄት ማሰሮዋ ሥር ይቀመጥና ዱቄቱ ሲጎድል ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል።

መጀመሪያ ግን ሚዛኑን በባዶ ማሰሮ ዜሮ ማድረግ ነበረብኝ። እናቴ ደግሞ ማሰሮ ጠርጋ አታውቅም፤ በረከቱ እንዳይሄድ ሥሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ትተዋለች። ገበያ እስክትወጣ ጠበቅኩና ያችን እፍኝ ለዶሮዎቹ በተንኳት።

ዜሮ አድርጌው ብዙም ሳልቆይ ስልኬ ጮኸ። ማሰሮው ባዶ ነው፤ መልእክቱ ግን «መቶ ግራም» ይላል። ገልብጬ አራግፌ መለስኩት። ያው መቶ።

እናቴ ከገበያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንድ እፍኝ አለ ነው የሚልህ?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያችን እፍኝ የተወቻት እናቴ ናት። እኔ ነክቻት አላውቅም።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። እጄን እስከ ታች ከትቼ ባዶውን ጨብጬ አወጣሁ። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ጭብጤ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀኝ።

«ጭብጥህን እንዳትከፍተው» አለች እናቴ፣ «ዝም ብለህ መልሳት።»