የዊሎው ሌክ መርዶ

ኣብረሀት ወደ ሥራ የምትሄደው ካሉት በታች ከሞቱት በላይ ሆና ነው። ጉልበቷ ያማታል፣ ወገቧ ያማታል፤ ሰው እንዴት ነሽ ሲላት ግን እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፣ ሌላ ምን ትበል። ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች ከሚባለው ሰፈሯ ባቡር ትይዛለች፣ ከባቡር ወርዳ አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ ቡሪየን ደርሳ ዳገቷን ስትጨርስ ገና ሥራ ሳትጀምር ሥራ የጨረሰች ይመስላታል። የምትሠራው አዛውንት በሚጦሩበት ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። የከፈተችው ሳሌም የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ነርስ ሆና ስትለፋ ኖራ በመጨረሻ የራሷን ያቆመች ጎበዝ ሴት። ቤቱ አንድ እንከን አለው። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በጣሪያው ላይ አውሮፕላን ያልፋል። አብዛኞቹ አዛውንት ጆሯቸው ደክሟልና ግድ አይሰጣቸውም። ሚስተር ዋልተርን ግን አንዱም አያመልጣቸውም።

ሚስተር ዋልተር ካናዳዊ ናቸው፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ወደ ሲያትል ያመጣቻቸው እዚህ የምትኖረው ልጃቸው ሊንዳ ናት። ጠዋት ምን እንደበሉ አያስታውሱም፤ ዊሎው ሌክ የሚባለውን የአየር ኃይል ሰፈር ታሪክ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወሩታል። ኣብረሀት ገላቸውን ስታጥባቸው ያወራሉ፣ ካልሲ ስታለብሳቸው ያወራሉ፣ ሾርባ ስታጎርሳቸው እንኳ አፋቸው እንደሞላ ያወራሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የሌለው ቋንቋ ሆኖባት፣ እሷም በየመሀሉ "የስ ሰር" እያለች ትሰማለች።

የሚስተር ዋልተር አባት ስንዴ አራሽ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት መጣና መሬትህ ሜዳ ነው፣ ለአውሮፕላን ይሆናል ብሎ እርሻቸውን ወሰደ። ስንዴው ቆሞ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ማዕዘን የሠሩ መንደርደሪያዎች ተነጠፉ፤ ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች እየመጡ በቢጫ አውሮፕላን መብረር ተማሩ። ትንሹ ዋልተር አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩ ይውሉ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ተዘጋ፣ የአካባቢው ገበሬም ቢጫዎቹን አውሮፕላኖች በርካሽ እየገዛ ጎማቸውን ለጋሪ፣ ሽቦአቸውን ለአጥር አደረገው። ከሩሲያ ጋር መፋጠጥ ሲመጣ ሰፈሩ እንደገና ተከፈተ፤ በዚህኛው ጊዜ የአውሮፓ ልጆች መጡ። ዋልተር ያኔ ጎረምሳ ሆነው፣ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በአባታቸው እርሻ ላይ በቆመው ማማ ውስጥ ሬዲዮ ይዘው አውሮፕላን የሚያስነሱና የሚመልሱ ነበሩ። ኋላ ሰፈሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። የአውሮፕላን ማደሪያው ሃንጋር የስንዴ ጎተራ ሆነ፣ መንደርደሪያው ተሰነጣጥቆ ሣር በቀለበት፣ እሁድ እሁድ ጎረምሶች መኪና ይሽቀዳደሙበታል።

ኣብረሀት ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ወላጆቿ ከኤርትራ መጥተው ድሬዳዋ ነው የወለዷት፤ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን የባቡር ጣቢያ ታሪክ እንኳ እንዲህ አድርጋ አታውቀውም። የሰው አገር ታሪክ ተሸክማ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ አንዳንዴ ይገርማታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይደክማታል።

ችግሩ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያን ጊዜ ታሪኩ ያልቅና ሚስተር ዋልተር ማማቸው ላይ ይወጣሉ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ይተክላሉ፣ አንድ ልጅ ይጠብቃሉ። ልጁ ኒልስ ይባላል፣ ከዴንማርክ የመጣ ተማሪ ነው። በበረዶ ቀን ብቻውን ተነስቶ እስካሁን አልተመለሰም። በላያቸው አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ እሱ አለመሆኑን ሲያዩ ይቀመጣሉ። ይተኙ ሲባሉ ልጁ ሳይመለስ ማማውን ጥዬ አልሄድም ይላሉ። እንዲህ ሲነሱና ሲቀመጡ ወድቀው ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ዳግመኛም ወድቀው ክንዳቸው ተሰንጥቋል። ሳሌም ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከደገሙ ልናቆያቸው አንችልም፣ በር ተቆልፎ የሚኖርበት ቦታ ይገባሉ ብላ ለሊንዳ ነገረቻት። ኣብረሀት እንዲህ ያለ ቦታ ሠርታ ታውቃለች። የገባ ሰው ቶሎ ነው የሚከስመው።

ሠራተኞቹ ሲሠለጥኑ የተነገራቸው እንዲህ ያለውን ሰው አትቃረኑት የሚል ነው። ስለዚህ ሁሉም እየመጣ ነው፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው ይሏቸዋል። ደግ ውሸት ነው፤ ግን ደግ ውሸትም ቢሆን በየምሽቱ አዲስ ሆኖ መዋሸት አለበት፣ ይህንን የምትዋሸው ደግሞ የምሽቱን ሺፍት የያዘችው ኣብረሀት ናት። ከሌሎቹ ይልቅ ለእሷ ይከብዳታል፤ እሷም የምትጠብቀው አለና።

ኣውኣሎም የመጨረሻ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ፣ ከሊቢያ አንድ ቀን ደውሎ ከእንግዲህ ስልክ ላይኖረኝ ይችላል፣ አትጨነቂ አላት፣ ያ የመጨረሻው ሆነ። ሦስት ዓመት አለፈ። እስር ቤት ነው ያለው ትላለች፣ አንድ ቀን ይደውላል ትላለች። ልጇ ዳኒኤላ ስልክ ቁጥራቸውን ለመቀየር ብትጨቀጭቃት እምቢ አለች፤ ኣውኣሎም የሚያውቀው ይኸኛውን ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የስልኳን ድምፅ አትዘጋውም። ትራስዋ ሥር አድርጋው ስለምትተኛ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ በወጉ አላያትም።

አንድ እሁድ ሊንዳ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ኣብረሀት ስለ ኒልስ እውነቱን ጠየቀቻት። ሊንዳም ነገሩ የድሮ መሆኑን፣ አውሮፕላኑ ሐይቅ ላይ መውደቁን፣ የልጁ ሬሳ በረዶው ሲቀልጥ መገኘቱን ነገረቻት። አባቷ ያን ጊዜ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ስለነበር ወሬውን የሰሙት ምግብ ሊወስዱ ተሰልፈው ሳለ፣ ሳህን እንደያዙ፣ ከፊታቸው ከቆመ ሰው ነበር።

"ቆመው?" አለች ኣብረሀት።

ሊንዳ ጥያቄው አልገባትም። ኣብረሀት ግን በጣም ነው የደነገጠችው። ሰው በሰልፍ መሀል፣ ሳህን ይዞ፣ የሚደግፈው ሳይኖር የሰማው ነገር እሷ ባደገችበት አገር መርዶ አይባልም። አላረዷቸውም። አልተለቀሰም። ቢጠብቁ ምን ይፈረዳል? እንዲህ እንዲህ ብናደርግስ ብላ አሳቧን ለሊንዳ ብትነግራት፣ ሊንዳም ደክሟት ነበርና፣ ከመቆለፍ የሚሻል ከሆነ የፈለግሽውን አድርጊ አለቻት። ሳሌም ብቻ ነበረች ራሷን የነቀነቀችው። ሲያለቅሱ ውለው ነገ ቢረሱትስ አለች። ከረሱት ያው እንደ ድሯቸው ነው፣ ወደ መስኮቱ ይመለሳሉ አለች ኣብረሀት።

መርዶ ያለ ሽማግሌ አይሆንም። በእድራቸው ክፉ ወሬ ሲመጣ የሚላኩት ጋሽ ሃብተስላሴ ናቸው፤ ለዘመናት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ሰው የሚሰማቸው። ኣብረሀት ቤታቸው ሄዳ ስትለምናቸው መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ለፈረንጅ ደግሞ የምን መርዶ ነው አሉ። ነገሩን ሁሉ ስትዘረዝርላቸው ግን ፈገግታቸው ጠፋ።

"ሰው ቁርጡን ማወቅ ይሻለዋል ነው የምትይው?"

"ይሻለዋል እንጂ፣ ጋሼ። መጠበቅ እኮ ከሥራ ሁሉ ይከብዳል፤ ሺፍቱ አያልቅም።"

ጋሽ ሃብተስላሴ ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ደክሟቸው ይሆናል ብላ አለፈችው። ይልቅ አንድ ነገር አደራ አለቻቸው። እንደ አገራችን ታሟል፣ ጸንቶበታል እያሉ ዙሪያ ጥምጥም እንዳይሄዱ፤ የሚስተር ዋልተር አሳብ መንገድ ላይ ይጠፋል። ስሙን ያስቀድሙ፣ ከዚያ ሞተ ይበሉ።

ሰኞ በማለዳ ሄዱ። ሚስተር ዋልተር ፊታቸውን ታጥበው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሊንዳ በቀኛቸው፣ ኣብረሀት በግራቸው ተቀምጠው እጅ እጃቸውን ያዙ። ጋሽ ሃብተስላሴ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው ገቡ። ሚስተር ዋልተር ሱፉን ሲያዩ የሰፈሩ አዛዥ መሰሏቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ኣብረሀት ክንዳቸውን ጫን አደረገችው።

"ኒልስ፣" አሉ ጋሽ ሃብተስላሴ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው። "ኒልስ ሞቷል። ሐይቁ ላይ ወደቀ። ሬሳው ተገኝቶ ባገሩ ተቀብሯል።"

በጣሪያው ላይ አውሮፕላን አለፈ፣ ሚስተር ዋልተር ቀና አላሉም።

"እናቱ ተነግሯታል?"

ተነግሯታል አለች ሊንዳ።

"እናንተስ መቼ አወቃችሁ?"

ሊንዳ ቆይቷል፣ አባዬ አለቻቸው። ሚስተር ዋልተር አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ መጨረሻ ላይ ጋሽ ሃብተስላሴ ላይ ቆሙ። አልተቆጡም፣ ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንድጠብቅ ተዋችሁኝ?"

ከዚያ አለቀሱ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። ሊንዳም አለቀሰች። ኣብረሀትም አለቀሰች፣ ለኒልስ ነው አለች ለራሷ፤ በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም። ያልጠበቀችው ጋሽ ሃብተስላሴን ነው። የስንቱን ቤት መርዶ ሲናገሩ ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ የማያውቅ ሰው፣ የማያውቁት ዴንማርካዊ ሞተ ብለው በመሀረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሻይ ቢቀርብላቸው አልጠጡም። ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ከገቡ በኋላም ሞተር ሳያስነሱ ቁጭ ብለው ቆዩ፤ ኣብረሀት በመስኮቱ አየቻቸው።

በዚያ ምሽት ሚስተር ዋልተር በጊዜ ተኙ። በማግስቱ ወደ መስኮቱ ሄደው ትንሽ ቆሙና ልጁ ሞቷል ብለው ተመለሱ። ከሌላው ሁሉ ይኸኛውን አልረሱትም። ሳሌም ደስ አላት፣ ስለ መቆለፊያው ቤት ያነሳ የለም። የዊሎው ሌክም ታሪክ ቀጠለ፤ ስንዴው፣ ቢጫዎቹ አውሮፕላኖች፣ የመኪናው ሽቅድምድም። ማማው ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ኣብረሀት ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ ሳሌም ኮል አደረገች።

"ዛሬ አትምጪ፣ ሺፍትሽን እኔ ከቨር አደርጋለሁ፣ ኦኬ?"

ለምን ብትላት ዝም ብለሽ ረፊ አለቻትና ስልኩን ዘጋችው። ኣብረሀት፣ የዋሂት፣ ደስ አላት። አንድ ቀን ልተኛ ነው ብላ ወደ ሳሎን ብትወጣ፣ ለእረፍት ከኮሌጅ የመጣችው፣ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን የምትተኛው ዳኒኤላ ጥቁር ሹራብ ለብሳ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ስታስጠጋ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

"ማም፣ ፕሊስ ቁጭ በይ" አለች ዳኒኤላ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሃብተስላሴ ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል፣ ከኋላቸው የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ኣብረሀት እንደዚህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሄዳ ከግድግዳው ጥግ ባለው ወንበር ተቀመጠች። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነው እጇን ያዙ።

ጋሽ ሃብተስላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጇ፣ እግዚአብሔር ስለሚሰጠው ብርታት ጀመሩ።

"ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ፣ ጋሼ" አለች። "ስሙን ያስቀድሙልኝ።"

"ኣውኣሎም" አሉ። "ኣውኣሎም ሞቷል። ባሕሩ ላይ።"

ወሬውን ያመጣው አብሮት ተሳፍሮ የተረፈ ልጅ ነው። ወሬው የመጣው ካቻምና ነው። ያኔ ኣብረሀት የማሕፀን ቀዶ ጥገና አድርጋ ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር፤ የእድሩ ሰዎች ትዳንና እንነግራታለን አሉ። ስትድን ጾም ገባ፤ ይፈታና አሉ። ሲፈታ ብቻዋን ናት፣ ዳኒኤላ ለእረፍት ከኮሌጅ ትምጣ አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ቀን ሲመርጡ ቀኑ አመለጣቸው። ጋሽ ሃብተስላሴ ይህን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነገሯት። ዳኒኤላ የሰማችው ትናንት ማታ ነው።

ኣብረሀት እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። የምትለው ሌላ ነገር አልመጣላትም።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንድጠብቅ ተዋችሁኝ?"

ከዚያ ጮኸች፣ ሴቶቹም አብረዋት ጮኹ፤ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ ስሙን እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰችው። ሲረፍድ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። የሚገባው እግዚአብሔር ያጽናሽ እያለ ይቀመጣል፣ ውሃ ይታደላል፣ ከቡሪየን ሳሌም ሺፍቷን ለሌላ ሰው ሰጥታ ሊንዳን አስከትላ መጣች።

ወደ ቀትር ግድም ኣብረሀት ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ጎኗን ጣል እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ስልኳ ከወዲያኛው ክፍል ደጋግሞ ጮኸ፤ አልሰማችውም። አንዷ ሴት ልትቀሰቅሳት እጇን ዘረጋች። ጋሽ ሃብተስላሴ ተዪያት አሉ፣ ሰዉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።