አማቴና የሳን ሴባስቲያን ባሕር

ባለፈው ዓመት ከቀራንዮ ሰፈር አብረውኝ የመጡትን አማቴን ባስክ የሚባለው ሕዝብ የሚኖርባትን የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሳን ሴባስቲያንን፣ ላስጎበኛቸው አንድ ቀን ጠዋት ይዣቸው ወጣሁ። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ባሕሩ ዳር አረፍ አልን። አማቴ በውሃው ውስጥ የሚመላለሱትን አዛውንቶች፣ ቀጥሎም ኮረብታው አናት ላይ የቆመውን ግዙፍ የክርስቶስ ሐውልት አዩና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ምነው እማማ?»

«ጠበል በጫማ ይገባል እንዴ?»

«ኧረ ተራ ባሕር ነው! ሰዉ የመጣው ሊዝናና ነው።»

«በዚህ ብርድ? አንተ መጽሐፍ እንጂ ጠበል የት ታውቃለህ!»

ማዕበሉ እንዳይወስዳቸው ስለሰጋሁ፣ ከውሃው የወጣች አንዲት አሮጊት ምስክር እንድትሆነኝ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። «የገቡት ለመዝናናት ነው፣ አይደል?»

«ለጉልበቴ ነው እንጂ! በየጠዋቱ ከተመላለስኩበት ወዲህ ምርኩዜን ጥያለሁ» አለችና ጉልበቷን መታ መታ አደረገች።

አማቴ ትርጉሜን አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ገቡ።