ጌሾ ነው የተባለው ቁጥቋጦ

ጓሮዬን ያስጠረግሁት ወድጄ አይደለም። አረሙና እሾሁ የጎረቤቴን አጥር ስለተሻገረ የሰፈሩ ፎረኒንግ፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ፣ ደብዳቤ ላከልኝ። ልጄ ደብዳቤውን አነበበችና እኔን ሳትጠይቅ የአትክልት ባለሙያ ቀጠረች። በአማርኛ ስቆጣት በስዊድንኛ መለሰችልኝ፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ በጓሮው በር የወጣሁበትን አንድ ቀን እንድነግራት ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም፤ እንዲያ ያለ ቀን አልነበረም።

ባለሙያዋ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጉልበቱ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ሱሪ የምትለብስ ስዊድናዊት ናት። ብዙ ስለማታወራ ወደድኳት። እንደ አገሯ ሰው ሁሉ አንቺ ትለኛለች፤ ይህን ያህል ዘመን ሰምቼው አሁንም ጆሮዬን ትንሽ ይቆረቁረኛል። በመጀመሪያው ቀን መጋዟን ከመኪናዋ አላወረደችም። ከዳር እስከ ዳር እየዞረች የሚቀረውን በቀይ ክር፣ የሚወጣውን በነጭ ክር ታስር ጀመር። ከማሰሯ በፊት ደግሞ ትጠይቀኛለች፦ ማን ተከለው? ለምን ተከለው? ሥራዋ እንዲህ ነው። ሰዎች ሳይጠየቁ የተቆረጠባቸውን ዛፍ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም አለችኝ።

የፖም ዛፉን ባለቤቴ ቤቱን በገዛንበት ዓመት እንደተከለው ነገርኳት፤ ቀይ ክር አሰረችለት። ጥጉ ላይ ጣሪያውን ሊነካ የደረሰው ቁጥቋጦ ጋ ስንደርስ፣ እሱም የባለቤቴ እንደሆነ፣ እኛ አገር መጠጥ የሚጠመቅበት ተክል መሆኑን አስረዳኋት። ቅጠሉን ገልብጣ አየች። ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ከዚህ ጠምቃችሁ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?"

"አንድ ጊዜ።"

"የታመመ ሰው ነበር?"

ተክሉ ብራክቬድ ይባላል አለችኝ፤ የስዊድን ጫካ ሞልቶታል። ድሮ ሰዎች ቅርፊቱን ለሆድ ድርቀት ይወስዱት ነበር። እሱንም ዓመት ካላስቀመጡት ያስመልሳል፣ ሆድ ያጥባል። ከእናንተ ተክል ጋር ዝምድና ሊኖረው ይችላል፤ ቅጠሉን አይቶ የተሳሳተ ሰው ሞኝ አይባልም፣ አለች። ለባለቤቴ ጥብቅና መቆሟ ነበር። እኔ የአጥሩን እንጨት ይዤ ቆምኩ።

ባለቤቴ የተወለደው ጌሾ በሚበቅልበት አገር ነው። አንድ ቀን ከሰፈራችን ከቬሊንግቢ ጀርባ ካለው ጫካ በእግሩ ሲንሸራሸር ውሎ፣ ችግኝ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ገባ። "ስዊድን ውስጥ ጌሾ አገኘሁ" ብሎ ለሰው ሁሉ ደወለ። እርግጠኛ ነህ ወይ ስለው፣ እኔን ጌሾ ልታስተምሪኝ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ቁጥቋጦው ሦስት ዓመት አደገ። የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኛ ቤት ሲደርስ ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ አደረቀ፣ ራሱ ወቀጠ። ከሱቅ የተገዛው ጌሾ እንዲጨመርበት አልፈቀደም። ስጠነስስ ሽታው እንግዳ ሆነብኝ። ነገርኩት። "የዚህ አገር አፈር ነው" አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። የእኔ ጥፋት ይህች ናት፤ አልክዳትም።

በማኅበሩ ቀን ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል የከሰዓት ተረኛ ነበርኩ፤ ጠላውን ሳልቀምሰው ወጣሁ። ማምሻውን ሰው በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተሰልፎ ነበር አሉ። አንድ ሽማግሌ ግሉኮስ እስኪሰካላቸው ደረሱ። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ እያልኩ የማከብራቸው፣ እንግዳው ገና ሳይበተን ፈረዱብኝ፦ በርሜሉን ሳታጥብ ነው የጠነሰሰችው፤ ራሷ ያልቀመሰችውም ስለምታውቅ ነው። ያን በርሜል ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍል የማጸዳ ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ቃል አልወጣውም።

ከዚያ ወዲህ ተራዬ በደረሰ ቁጥር "አንቺ አትድከሚ፣ ለስላሳ ይበቃል" ይሉኝ ጀመር። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ለስላሳና የወረቀት ኩባያ ከሱቅ እየተሸከምኩ ኖርኩ። ጠላውን ሌላ ሴት እየጠመቀች ታመጣልኛለች። ኋላ የመጡት ሙሽሮች ሙያ የሌለኝ ሴት አድርገው ነው የሚያውቁኝ።

ከባለሙያዋ አጠገብ እንደቆምኩ ሌላም ነገር ታየኝ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ ከቁጥቋጦው አንድ ቅጠል አልቆረጠም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ጌሾ እንዲያመጣ ይልከው ነበር። ቁጥቋጦውንም አልነቀለውም፤ ቢነቅለው ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ቀስ በቀስ ጓሮውን ተወው፣ አረሙ ዋጠው። እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር።

ባለሙያዋ በዚያ ቀን ቀዩንም ነጩንም ክር ሳታስር፣ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠችኝ። ይዤው ባቡር ገባሁ። ከቬሊንግቢ እትዬ ወደሚኖሩበት ወደ ሮግስቬድ መቀየር የለም፤ አንድ መስመር ነው፣ ለማሰብ ደግሞ ረጅም ነው።

ድንች እየላጡ አገኘኋቸው። ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ባለሙያዋ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ቢላዋውን አላስቀመጡም።

"በሳምንቱ ነግሮኛል" አሉ። "እያለቀሰ ነው የነገረኝ። ያኔ የማኅበሩ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውት ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይዋረድልሽ? ላንቺ ይረሳልሻል ብዬ ነው።"

"ተረሳልኝ?"

"ለስላሳ መሸከም ምን ይከብዳል?"

የቀለዱ ይመስለኛል። አልሳቅሁም። በማኅበሩ ፊት በራስዎ አፍ ይናገሩልኝ አልኳቸው።

"የሞተ ወንድሜን ስም ላነሳ?"

"እኔ አልሞትኩም፣ እትዬ።"

ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ። ውጪ ብለው አላስወጡኝም፤ ሻይ ጠጪም አላሉኝም።

እሑድ ማኅበር ተቀመጥን። የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ መሆኑ ሲነገር፣ ጠላውን ራሴ እጠምቃለሁ አልኩ። አንዷ ወጣት "ኧረ እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ ለስላሳ ይበቃል" አለችኝ፤ በቅንነት ነው ያለችው፣ ልማዱን ነው የምታውቀው። እትዬ ዓይናቸውን ከጉልበታቸው ሳያነሱ ተናገሩ።

"ትጥመቅ። ያኔም ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።"

የማን ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ለእሱ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ልጄ ስለ አባቷ ምን ማሰብ እንዳለባት ሌላ ሰው እንዲነግራት ስላልፈለግሁ ነው። እትዬም ከዚያ በላይ አላሉም። ለዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የከፈሉኝ። ይበቃል አልልም።

ባለሙያዋ ሰኞ ስትመጣ ነጩን ክር ራሴ አሰርኩት። ሥሩ መሬት ውስጥ ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል አለችና ለአንድ ቁጥቋጦ ግማሽ ቀን ቆፈረች። ከእሾሁ ስር ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ወጣ፤ እዚያ መኖሩን ረስቼው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከኩሽናዬ መስኮት ቆሜ እስከ አጥሩ ድረስ አየሁ።

ተራዬ ሲደርስ ፀሐይ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ጓሮ አስቀመጥኩ። ጠላው ጥሩ ወጥቶልኛል፤ ሲቀዳ አውቄዋለሁ። ነይ፣ ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም፤ በሩ ላይ ቆሜ ማን እንደሚያመነታ አየሁ። እትዬ አላመነቱም፤ ጨርሰው ብርጭቋቸውን ዘረጉ፣ ደገምኩላቸው። ሌሎች ሁለት ሴቶች ግን አጠገባቸው የተቀመጠው እስኪጠጣ ድረስ ብርጭቋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ።