በሁለት ቅጠሎች መሃል

አለበል ቡሬ ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የንግድ ቤት ታፔላ ሲጽፍና አርማ ሲሥል ኖሯል። ሰው እጁን ሲያደንቅለት፣ «እጅማ ምን ያደርጋል? ሥራው የተመልካቹ ዓይን ነው። ዓይን ባዶ ቦታ አይወድም፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላል» ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ባለወፍጮው ስመኘው አርማ አዘዘው። አለበል ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት የበቆሎ ቅጠሎችን በጥቁር አረንጓዴ ሥሎ መሃሉን ነጭ ተወው። ነጩ ክፍት የሚወርድ ዱቄት እንዲመስል ነበር ሐሳቡ። ቀይ ቀለም ዓይን ቶሎ ይስባልና የስመኘውን ስም ከሥር በቀይ ጻፈው። ታፔላው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ።

ከመንገዱ ማዶ የአያ ይሄይስ ቤት ነው። የስመኘው ታናሽ ወንድም በድንበር ጠብ የአያ ይሄይስን ልጅ በጩቤ ወግቶ ገድሎ ታስሯል፤ ቤተሰቦቹም ገና አልታረቁም። አለበል ይህን ያውቃል። ሲሥል ግን ትዝ አላለውም።

በዘጠነኛው ቀን፣ የቅዳሜ ገበያ በደራበት ሰዓት፣ የሟቹ የአጎት ልጅ ሃይለ ሚካኤል ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ፣ መጥረቢያ ይዞ ወፍጮ ቤቱ ላይ ደረሰ። በሩን ፈለጡት። ሊከላከል የወጣውን ስመኘውን ትከሻው ላይ ሲመቱት ደሙ ዱቄቱ ላይ ተረጨ። ገበያተኛው እየጮኸ ሲበተን ታፔላውን ገንጥለው እየጎተቱ አለበል ሱቅ ገቡ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሃይለ ሚካኤል፣ ታፔላውን አለበል እግር ሥር ወርውሮ።

«ቅጠል ነዋ ወንድሜ! የበቆሎ ቅጠል!»

«ጩቤውን ነው የምጠይቅህ! የወንድሜን ደም መሳለቂያ አደረግኸው?»

አለበል ምንም ጩቤ አልታየውም። ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት በዱላ ጥርሱን አረገፉት። ሁለቱ አንቀው ይዘው ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሃይለ ሚካኤል በመጥረቢያው ጀርባ ደጋግሞ መታው። በሦስተኛው ምት አለበል ራሱን ሳተ።

ፍኖተ ሰላም ተወስዶ ሐኪሞች ሁለት ጣቶቹን ቆረጡ። ቤቱ እንደተመለሰ ሚስቱን ሰብሊን ታፔላውን ከሱቅ አስመጣትና ግቢው ጫፍ ላይ አቁማው ተመልሳ አጠገቡ ቆመች።

«ከዚህ ምን ይታይሻል?»

ሰብሊ ፊቷን ወደ ሌላ መለሰች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ጩቤ» አለች። «ከሥሩም ደም።»

እሱም አየው። አረንጓዴው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ነጩ ስለት ሆኖ ወደ ፊት ወጣ፤ ጫፉ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ተተክሏል። አንዴ ካየው በኋላ ቅጠሉን መልሶ ማየት አቃተው። አፍንጫውን ቆርቆሮው ላይ ደፍቶ ሲሥል አንድ ቀን እንኳ መንገዱን ተሻግሮ አላየውም ነበር።

እጁ እንደታሰረ አያ ይሄይስ ቤት ሄደ።

«አያ፣ የሣልሁት ዱቄት ነበር። ግን እርስዎ ያዩትን እኔም አይቻለሁ።»

«ለማየት ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ሃያ ሦስት።»

«እኔ በየማለዳው በሬን ስከፍት ነበር የማየው» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ግባም ውጣም አላሉትም።

ሃይለ ሚካኤል ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ አለበል ያየውን አልደበቀም፤ «ጩቤ ይታያል፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የስመኘው አይደለም» አለ። የስመኘው ዘመዶች ግን «ለደመኞቻችን መሰከረ» ብለው በዚያው ሳምንት ሱቁን በድንጋይ አደቀቁት፤ አንዱ ድንጋይ የሰብሊን ግንባር ፈነከተ። ስመኘው ራሱ ደጅ ቆሞ ሲያይ ነበር፤ አላስቆማቸውም።

ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው ጅጋ ከተማ ገቡ። አለበል አሁን በግራ እጁ ይሥላል፤ መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ታፔላ ሳያስረክብ መንገድ ማዶ ያቆመውና ከየገጠሩ የሚመጣውን ገበያተኛ እያስቆመ ምን እንደሚታየው ይጠይቃል። ሰው ይስቅበታል። እሱ ግን መልሱን ሳይሰማ ታፔላ አይሰቅልም።