ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው

ማሸት የሚማሩት ልጆች «እማማ፣ እጅዎ ያየውን ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ወሬዬ መንገድ ሲስት እሷ ትመልሰኝ።

ወጌሻነትን የጀመርሁት ማንኩሳ፣ አክስቴ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰው አላስነካችኝም። መደቡ ላይ ባቄላና ጠጠር በትና በጋቢ ሸፈነችው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ለይልኝ አለች። ስዳብስ ዋልሁ። ወደ ማታ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፤ ጋቢው ሜዳ፣ ባቄላው ሜዳ ላይ የተኛ በግ መሰለኝ። አክስቴ ሳቀች። እጅሽ ገና አሁን ማየት ጀመረ አለችኝ።

ሁለተኛው ትምህርት ቃል ነበር። የወለቀ ሲመለስ በሽተኛው «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» ይባላል። በእኛ አገር ይህ ማጽናኛም ሙገሳም ነው፤ ጥርሷን ነክሳ የኖረች ሴት ስሟ ይነሳል። እኔም ከፍኖተ ሰላም ሽንዲ፣ ከሽንዲ ቡሬ ስዞር፣ ወገብም ሆነ ቁርጭምጭሚት ሳሽ ይህንኑ ስል ኖርሁ።

አንድ መስከረም፣ ኑጉ አገሩን ቢጫ አልብሶት ሳለ፣ ሚኒባስ ውስጥ እያንጎላጀሁ ቡሬ ደረስሁ። ያስጠራችኝ ታንጉት የምትባል እህል ነጋዴ ናት። አፏ አልከፈት ብሏት፣ አጥሚት በጥርሷ መሃል እያጠለለች ሰንብታለች። ቡዳ ነው ያለ አለ፣ ብርድ ነው ያለም አለ። ባሏ ጨርሶ ይዘጋ ይሆን ብሎ ሰግቶ ደጅ ደጁን ይንጎራደዳል።

ራሷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ እጄን በቅቤ አለስልሼ ከጆሮዋ ሥር ጀመርሁ። እጄ ሲያሽ ልቤ ይሄዳል፤ ያን ቀንም ወደ ማንኩሳ መደብ ሄደብኝ። ከጉንጯ ጥግ ላይ ያው ባቄላ አለ። ጫን ስለው ጭብጥ አለች። የለመደ አፌም «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው፣ እታለም» አለ።

በተዘጋው አፏ እየሳቀች፣ «መንከሱንማ ችዬዋለሁ እማማ፤ መልቀቁን ነው ያቃተኝ» አለችኝ።

አብረን ሳቅን። ወዲያው ደጅ የቆመ የባጃጅ ነጂ ስልክ ጮኸ። ከጣቴ ሥር ባቄላው ጠጠር ሆነ። ፊቷ ግን እንደነበር ነው፤ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ስልኩ የሌላ ሰው መሆኑ ከታወቀ በኋላም ጠጠሩ ጠጠር እንደሆነ ቀረ።

ቀስ ብዬ የማንን ስልክ እንደምትጠብቅ ጠየቅኋት። የልጄን አለችኝ። ልጇ በነቀምት መንገድ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶባታል። ባሏ እንዳይደነግጥ፣ ገበያተኛም ፊቷን እንዳያነብ፣ እህል ስትሰፍር ጥርሷን ገጥማ ትውላለች። ስትተኛም ጥርሷን ሲያፋጫት ያድራል።

ባሏን ጠራሁትና ለእሱ ንገሪው አልኋት። ነገረችው። እግሯ ሥር ተቀመጠና ከኪሱ ስልኩን አወጣ። ለካ እሱም ደጅ ደጁን የሚለው ለልጁ ሲደውል ኖሯል።

«አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው» አላት።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ስታለቅስ አፏ ተከፈተ፤ ሙሉ አይደለም፣ ማንኪያ የሚያስገባ ያህል።

የመንጋጋ ሕመም ሁሉ ሐሳብ ነው አልላችሁም። ሐሳብ አንዱን ጨጓራው ላይ፣ ሌላውን ትከሻው ላይ ይቀመጥበታል፤ ያለ ሐሳብም መንጋጋው የሚታመም አለ። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ይያት አልሁ፣ ሄዱ። እኔም በገበያ ቀን እየተመለስሁ አሸኋት። ልጁ የደወለው እንጀራ መብላት ከጀመረች ሰንበትበት ብላ ነው።

መንጋጋ ስታሹ ፊት አትመኑ፤ ጣታችሁን እመኑ። ያንን ቃልም ተዉት። እኔ አሁን «ልቀቂው» ነው የምል።

ከንፈርና ጥርስ አብረው የሚዘጉ ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የራሴን ጥርስ ልታይ ብሄድ ሐኪሟ ነገረችኝ፦ ሰው ሲያኝክና ሲውጥ ካልሆነ በቀር፣ ከንፈሩ ተገጥሞም እንኳ የላይና የታች ጥርሱ መነካካት የለበትም።