የላፍቶው ኩሬ የፈሰሰበት ክረምት

ቀበሌው ያከራየኝ ክፍል ከላፍቶ ወደ ሐና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የተወረሰ ግቢ ውስጥ የነበረ የሠራተኛ ቤት ነው። ከክፍለ ሀገር ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመንገድ ሥራ የሚሆን አፈር እመረምር ነበር። አውቶቡስ መካኒሳ ያደርሰኛል፤ የቀረውን በእግሬ እጨርሰዋለሁ። ቤት ስገባ የማናግረው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ከግቢው ዘበኛ ጋር የተለዋወጥነው ሰላምታ የዕለቱ የመጨረሻ ንግግሬ ይሆናል።

ከግቢው ጀርባ ኩሬ ነበረ። የቀድሞው ባለቤት ነጋዴ ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ትንሿን ጅረት በአፈር ግድብ ዘግተው ለእሁድ መዝናኛ ያሠሩት ነው፤ ጀልባ ይቀዝፉበት፣ ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። ከታሰሩ በኋላ የት እንደደረሱ አልታወቀም። ትልቁን ቤት ቀበሌው መጋዘን ሲያደርገው ለሚስታቸው አንዲት ክፍል ተተወችላቸው። ከሰዓት በኋላ ወንበር አውጥተው ውሃውን እያዩ ይቀመጣሉ። “እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?” እላቸዋለሁ። “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ። ከዚያ አናልፍም። ከእሳቸው ጋር ቆሞ ሲያወራ መታየት የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ነበር፤ እኔም ፈራሁ።

በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ከግድቡ በታች የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ በሬን አንኳኩ።

“አፈር ታውቃለህ አሉኝ፣ ልጄ። ና እስቲ አንድ ነገር እይልኝ።”

ተከትያቸው ወረድኩ። ከግድቡ ሥር እንደ ክንድ የወፈረ ውሃ እየተንዶቀዶቀ ይወጣል።

“ድሮም እዚህች ጋ ትወጣ ነበር” አሉ። “ቀጭን ነበረች፤ ጥርት ያለች፤ ከብቶቼ ይጠጧታል። ከትናንት ወዲያ መልኳ ተለወጠ።”

በመዳፌ ዘገንኩት። ውሃው ሲፈስ በጣቶቼ መሐል ደቃቅ አፈር ቀረ። የአፈር ግድብ ጥርት ያለ ውሃ ቢያንጠባጥብ ይታገሡታል፤ አፈር ይዞ ከወጣ ግን ውሃው ከውስጥ እየቦረቦረው ነው። ወደ አናቱ ስወጣ ደግሞ ሌላ አየሁ። በዘመቻ የተተከለው ባሕር ዛፍ ሥሩን በግድቡ ውስጥ ሰዶታል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ፣ ዓሣ እንዳያመልጥ በተዘረጋበት ሽቦ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተከምሮ ተደፍኗል። ኩሬው ሊሞላ አንድ ክንድ ነው የቀረው።

ከሽማግሌው ጋር ቦዩን ጠርገን ስናበቃ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። የእሁድ ስብሰባ ስለነበረ ሊቀመንበሩን አገኘኋቸው።

“ማመልከቻ ጻፍ፣ ጓድ። ለበላይ አካል እናስተላልፋለን።”

“ውሃው እስከዚያ አይጠብቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከታች ሦስት ቤት ሰው አለ።”

“ኩሬው የሕዝብ ንብረት ነው። ግለሰብ ተነሥቶ አያፈሰውም።”

ስመለስ እትዬ ከወንበራቸው ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። ሽማግሌው ነግረዋቸዋል።

“ማፍሰሻ አለው” አሉኝ ሳልጠይቃቸው። “ሲሠራ ከሥሩ ቧንቧ ቀብረውበታል። መዝጊያው ጀልባ ማስቀመጫው ወለል ሥር ነው። ባለቤቴ ብቻ ነበሩ የሚከፍቱት።”

“ከከፈትነው ጥያቄ ይመጣብናል፣ እትዬ።”

“ከእኔ ምን የሚወሰድ ቀረ?” ብለው ተነሡ።

የመዝጊያው መዘውር በዝገት ተጣብቋል። ላምባ አፈሰስንበት፤ ሽማግሌው ድጅኖ አመጡ፤ ሦስታችንም ተንጠለጠልንበት። ከብዙ ትግል በኋላ ንቅንቅ አለ፣ ከመሬቱ በታችም ውሃው ሲያጓራ ተሰማን። ጥቂት ብቻ እንድንከፍተው ነገርኳቸው፤ ኩሬው በአንድ ጊዜ ከጎደለ እርጥቡ አፈር ይናዳል። ሽማግሌው ቤተሰባቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ፉሪ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ላኩ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ሁለት ታጣቂዎች አስከትለው መጡ። ውሃው የአንድ ሰው ወገብ ያህል ወርዶ ነበር።

“ይህን ማን አደረገ?”

አፌን ልከፍት ስል እትዬ ቀደሙኝ። “እኔ ነኝ። የገዛ ቤቴ ነበር፤ መክፈቻውን አውቀዋለሁ።”

ሽማግሌው አቀርቅረው ቀሩ። እኔም ዝም አልኩ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ኋላ ሳይዞሩ ከታጣቂዎቹ መሐል ሄዱ። መዝጊያውን እንድዘጋ ታዝዤ ነበር፤ አልዘጋሁትም። ለድፍረቴ የምቆጥረው ያንን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የግድቡ መሐል ተናደ። ኩሬው ከግማሽ በታች ደርሶ ስለነበር ጎርፉ የሽማግሌውን አጥር ጥሶ፣ ጭቃውን ጎመን ማሳቸው ላይ ዘርግፎ ቆመ። ሰው አልሞተም። ሊቀመንበሩ መጥተው የተናደውን ግድብ፣ ቀጥሎም ቤቶቹን ረጅም ጊዜ አዩ። እትዬ በበነጋው ተለቀቁ።

አመድ መስለው ነው የተመለሱት። ወንበራቸውን ግን እንደ ልማዳቸው አወጡና ከባዶው ጭቃ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“ለምን ቀደሙኝ፣ እትዬ?”

“አንተ ገና ልጅ ነህ” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “ቀዝፈን ቀዝፈን ሲደክመን መሐሉ ላይ እንቆም ነበር። እንዲህ ጥልቀት የሌለው መሆኑን አላውቅም ነበር” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብሬያቸው እቀመጥ ጀመር። ብዙም አልቆየም። መስከረም ሲጠባ ወደ እህታቸው አገር ሄዱ፤ ሻንጣቸውን እስከ አውቶቡስ ተሸከምኩላቸው፤ ጉንጬን ስመውኝ ተሳፈሩ።

በዚያው ሳምንት ለወንድሜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ግድቡ፣ ስለ ድፍርሱ ውሃ፣ ቦዩን እንዴት እንደጠረግን በዝርዝር ነገርኩት። ሊቀመንበሩ “ማን አደረገ?” ያሉበት ቦታ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ያን ገጽ አወጣሁትና የቀረውን ላክሁለት።