ሳይሞቱ የተነፋላቸው ጡሩምባ

ዛሬ ጠዋት ከቆርቆሮ ጣሳ ውኃ ስጠጣ የብረቱ ጣዕም ከንፈሬ ላይ ቀረ። ብጠርገው ብጠርገው አልለቅ አለኝ። መቀመጥ አቅቶኝ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል የልጅ ልጄ ለፈተና ታጠናለች። «ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ያድጋል» እያለች ጮክ ብላ ትደግማለች።

«ሌላስ?» አልኋት።

«ይንቀሳቀሳል።»

«ሌላስ?»

«አባባ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ይኸው ነው። አንቱ ደግሞ ምን ሊጨምሩበት ነው?»

የምጨምረው አለኝ፤ ግን ለፈተና አይሆናትም። ላንተ ልንገርህ።

በወጣትነቴ በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር እንደ እኔ የእድር ጡሩምባ የሚነፋ ሰው አልነበረም። ራሴን ማሞገሴ ነው፤ ቢሆንም ሐሰት የለበትም። የሰማኝ ሁሉ ይመሰክርልኝ ነበር፤ አብዛኛው ሞተ እንጂ። ያስተማረኝ የለም። ፊደልን የለየሁት እናቴ ግድግዳው ላይ ከለጠፈችው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ጡሩምባውንም እንደዚያው ብቻዬን ደረስሁበት። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጉንጩን እንደ እንቁራሪት አሳብጦ ነበር የሚነፋው። ትንፋሹ ከሆድ መምጣት እንዳለበት ያወቅሁት እኔ ነኝ። አሁን እዚህ ፍኖተ ሰላም ሞት የሚለፈፈው ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሰውም ሻዩን ይጨርሳል። እኔ ስነፋ ግን ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ይመጣ ነበር። የተጣላም ይመጣል። ከቀብር የቀረ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላም የሚለው የለም።

ኅዳር ነበር። በርበሬው ተለቅሞ በየደጁ ተሰጥቷል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ገበሬ ከክረምት ጀምረው ታመው ተኝተዋል። ታናሽ ወንድማቸው ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ። ሁለቱ በአንዲት የመስኖ ቦይ ተጣልተው፣ ታናሽዬው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው «ሞቶ ልቅበረው እንጂ በቁሙ ዓይኑን አላይም» ብለው ምለው ነበር። ሽማግሌ ተላከ፤ የነፍስ አባታቸውም ሄዱ። «መሐላ አለብኝ» እያሉ መለሷቸው። መሐላ ያፈረሰ ልጆቹ ላይ ይደርስበታል ተብሎ ይፈራል።

አንድ ረፋድ ላይ የበሽተኛው ሚስት አስጠሩኝ። ስገባ ሰውየው ትራስ ተደግፈው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ሲተነፍሱ ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ይመስላሉ።

«ጡሩምባህን አምጣና ንፋልኝ» አሉኝ።

«አያ፣ ማን ሞተ?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቱ እኮ አልሞቱም።»

«እሱን አጣሁት? ወንድሜ ግን ካልሞትሁ አያየኝም። መሐላውን እንዲያፈርስ አልፈልግም፤ ልጆች አሉት። ሞተ ተብሎ ከመጣ ግን ኃጢአቱ የኔ ነው፤ እሱ የለበትም።»

ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው «አሁንስ ልቡናውን ሳተ» አሉ። «ከወዲሁ መበለት ሊያደርገኝ ነው።»

«ተይ አንቺ፣ ሬሳ አይሰደብም» አሏቸው።

ወጣሁ። በርበሬው ስጥ አጠገብ ቆሜ አነጠስሁ። ተመልሼ ገባሁ፤ ደግሞ ወጣሁ። የእድሩ ዳኛ ጡሩምባውን እንደሚቀማኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፣ ሰው የሚያውቀኝ በእሱ ብቻ ነበር። ከውስጥ ግን ያ ትንፋሽ ይሰማኛል። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪከተል ድረስ እኔም ሳልተነፍስ እጠብቃለሁ። ለነገ ይደርሳል የሚባል ትንፋሽ አልነበረም።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ነፋሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያን ቀን ነፍቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው እየጮኹ መጡ። ወንዶቹ ከአጨዳው ከነማጭዳቸው መጡ። ታናሽዬው መሻገሪያውን አልፈለጉም፤ ፊት ለፊት ወንዙ ውስጥ ገቡ። እስከ ወገባቸው ርሰው፣ «ወንድሜ፣ ጥላዬ» እያሉ፣ ሰዉን እየገፉ ደጃፉ ላይ ደረሱ።

«መጣህ?» አሏቸው ታላቅዬው።

ታናሽዬው አንድ እግራቸው ደጅ፣ አንድ እግራቸው ቤት እንደሆነ ቀጥ አሉ። ከልብሳቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«አልሞትህም እንዴ?»

«ትንሽ ቀርቶኛል። ግባና ተቀመጥ።»

አልገቡም። ዞረው እኔን አዩኝ፤ «አንተ ውሻ!» አሉኝ። ከዚያ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። የውጪው እግራቸው ወደ ኋላ ሲል አይቻለሁ። ይኸን ጊዜ ታላቅዬው እጃቸውን ለመዘርጋት ብለው ከትራሱ ቀና አሉ፤ ትራሱ ተንሸራተተና ወደ ጎን ወደቁ። ታናሽዬው እንዴት እንደደረሱ አላየሁም። ብቻ መሬት ሳይነኩ ያዟቸው፤ ከኋላቸው ተቀምጠውም ደረታቸውን አስደገፏቸው።

ውጪ ሌላ ጉድ ነበር። አንዲት አሮጊት «እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» እያሉ ይቆጣሉ። ዳኛው ጡሩምባውን ከእጄ ነጠቁኝና ለሌላ ሰው ሰጡት። ያም ሰው ሌላ ለቅሶ ላይ ሲነፋ ላም ምጥ የያዛት መስሎ ስለተሰማ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ለምነው መለሱልኝ። እኔም ጥቂት አስለምኛቸዋለሁ።

በሽተኛው እስከ ጥር ቆዩ። ታናሽዬው በየቀኑ ወንዙን እየተሻገሩ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ደጃፉ ላይ ከኋላቸው ተቀምጠው ያስደግፏቸው ነበር። ትልቅ ትልቅ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ሳልፍ ታላቅዬው «ቦዩ ደረቀ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ደረቀ።»

«ይድረቅ።»

ይኸው ነበር ወሬያቸው። የልጅ ልጄ አሁንም ታጠናለች፤ «ያድጋል፣ ይመገባል» ትላለች። እኚያ ሰውዬ በዚያን ጊዜ አያድጉም፣ ምግብም እምቢ ብለዋል፣ ያለ ሰው እጅም አይንቀሳቀሱም። እንደዚያ የኖረ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ወንድማቸው ወንዙን ሲሻገሩ በሩቁ የሚያውቋቸው እሳቸው ነበሩ፤ እኛ ገና ማንም አይታየን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡሩምባዬን በትከሻዬ አድርጌ ሳልፍ እንደ ወትሯቸው ተቀምጠዋል። የታላቅዬው ራስ ወንድማቸው ትከሻ ላይ ጋደም ብሏል። ዝንብ ከንፈራቸው ላይ አርፋለች። ትንፋሽ ማለት ሥራዬ ነው፤ ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። ቀረብ ብዬ አየሁ። እጄ ሳላዘው ወደ ጡሩምባው ሄደ።

«አውቄያለሁ» አሉ ታናሽዬው፣ ሰው እንዳይቀሰቅሱ በሚጠነቀቁበት ድምፅ። «ገና አትንፋ። ሰው ይመጣል። ትንሽ አብረን እንቀመጥ።»

ጡሩምባውን ከኋላዬ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ታናሽዬው በተነፈሱ ቁጥር የታላቅዬው ጀርባ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።